ለአረቄ ማውጫ የትኛው እሳት ይሻላል? በከተማ ቤት ውስጥ የሙቀት ምንጭ ስለ መምረጥ



በአገር ቤት ሳለን ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ እሳት ነበረው። እንጀራ ለመጋገር ቶሎ የሚነድ ጭራሮና ቅጠል ይፈለጋል። ወጥ ለማብሰል ረጋ ያለ የእንጨት እሳት፣ ለቡና የከሰል ፍም፣ ሸክላ ለመተኮስ ኩበትና እንጨት፣ ብረት ለመቀጥቀጥ ደግሞ በወናፍ የሚራገብ ከሰል ያስፈልጋል። በወለቃና በሌሎች የጎንደር መንደሮች ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ እናቶቻችንና ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። እሳትን በዓይን አይተው፣ በጆሮ ሰምተው፣ በእጅ ለክተው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም በመካከላችን አሉ።

አረቄም የራሱ እሳት አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ እሳት ነው። ጥያቄው ግን አገር ቤት ከነበረው ይለያል። እዚህ ሃይፋ የምንኖረው በካርሜል ተዳፋት ላይ ወይም በቆላው ሰፈር፣ ከላይና ከታች ጎረቤት ባለበት ፎቅ ቤት ነው። እዚያ ደጅ ላይ፣ ከሣር ቤቱ ራቅ ብሎ ይጣድ የነበረው ጋን እዚህ ኩሽና ውስጥ ቢጣድ ምን ይሆናል? ጋዝ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ? በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድስ? ጥያቄው የሚነሣው በሠርግ፣ በግርዛትና በበዓል ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜም በሹክሹክታ ይጠየቃል። እኛ ግን በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል እንላለን።

1. አረቄ ሲወጣ እሳቱ ምን ይሠራል?

ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ ለልጆቹ ግን ከመጀመሪያው እንናገር። ጌሾ፣ ብቅልና የዳጉሳ፣ የገብስ፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ እህል ተዘጋጅቶ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ተብላልቶ ሲደርስ በውስጡ አልኮል ይገኛል። ይህ ድፍድፍ በጋን ወይም በእንስራ ተጨምሮ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በክዳን ይገጠምና ዙሪያው በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል። ከክዳኑ የሸምበቆ ቱቦ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል። ድፍድፉ ሲሞቅ ትነቱ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ተራ አረቄ ነው። ተራው አረቄ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል። ዳግም አረቄ ብዙ ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል አለው።

ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ውሃ በ100 ዲግሪ። ድፍድፍ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የሚፈላው በሁለቱ መካከል፣ ወደ ውሃው ቀረብ ብሎ ነው። የእሳቱ ሥራ ድፍድፉን እዚያ መፍላት መጀመሪያው ላይ አድርሶ እዚያው ማቆየት ነው። ከዚያ በላይ ቢገፋ ውሃው አብሮ ይወጣና አረቄው ቀጥኖ ይመጣል። የበለጠ ቢበረታ ደግሞ ድፍድፉ ራሱ ገንፍሎ ወደ ሸምበቆው ይገባል። ቱቦው በአተላ ከተደፈነ ትነቱ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ትነት ደግሞ ክዳን ይፈነቅላል።

የአገር ቤቱ አሠራር ለዚህ መላ ነበረው። ክዳኑ የተመረገው በጭቃ ወይም በሊጥ ስለሆነ ግፊት ሲበዛ ምርጊቱ ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ጋኑ ሳይፈነዳ ትነቱ ይወጣል። ባለሙያዋ ሴትም እንፋሎቱ ሲያፏጭ ሰምታ እንጨቱን ከጉልቻው ሳብ ታደርጋለች። እዚህ አገር ግን አንዳንድ ሰው ጥብቅ ክዳን ያለውን ፈጣን ማብሰያ ድስት ለዚህ ሥራ ይለውጠዋል። የዚህ ዕቃ ክዳን ብረት ነው፤ እንደ ሊጥ አይሰነጠቅም። ስለዚህ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ አረቄ ማውጣት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃይፋ ባሕር ዳር ላይ ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ምስርና ሽሮ እዚህ ቶሎ እንደሚበስል ያስተዋሉ እናቶች ምክንያቱ ይኸው ነው። ድፍድፉም እዚህ ከመፍላቱ በፊት የበለጠ መሞቅ አለበት። በአገር ቤት ዓይንና ጆሮ የተለማመደው ልክ እዚህ ሳይቀየር አይሠራም ማለት ነው።

2. ዋናው አደጋ የቱ ነው?

ብዙ ሰው የሚፈራው ጋኑ እንዳይፈነዳ ነው። ይህም አደጋ አለው። ነገር ግን የበለጠ የሚያሳስበን የማይታየው ትነት ነው።

የአልኮል ትነት ከአየር ይከብዳል። ከዕቃው ቢያመልጥ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወደ ወለሉ ወርዶ፣ ከጠረጴዛ ሥር ተንሸራቶ፣ እሳት ያለበትን ቦታ ያገኛል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በላዩ ላይ በብልጭታ የሚያያዝ ትነት ይኖረዋል። በሃይፋ በጋ ይህ የተለመደ የቤት ሙቀት ነው። ስለዚህ ከቱቦው የሚንጠባጠበው አረቄ ገና ትኩስ እያለ ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጠ እሳትና ነዳጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት ነው።

መጠኑንም እናስላ። አየር ውስጥ ከ100 እጅ 3 እጅ ከሩብ ያህል የአልኮል ትነት ከገባ አየሩ ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሙሉ በሙሉ ቢተን 12 ሜትር ኩብ ያህል አየር እዚህ ደረጃ ላይ ያደርሳል። ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ኩሽና ልክ ይህን ያህል አየር ይይዛል። ብዙዎቻችን የምናበስለው እንዲህ ባለ ኩሽና ውስጥ ነው። አንድ ሊትር አልኮል ደግሞ በሁለት ሊትር ተኩል ዳግም አረቄ ውስጥ አለ።

በዚህ ላይ የአልኮል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። ልብስ ላይ ተያይዞ እንኳ ሰውየው የሚያውቀው ሲያቃጥለው ሊሆን ይችላል።

3. የሙቀት ምንጮችን አንድ በአንድ

ሀ. እንጨት። በኢትዮጵያ አረቄ የሚወጣው በአብዛኛው በማገዶ እንጨት ነው። በአረቄዋ የምትታወቀው አርሲ ነገሌ ለዚህ ምሳሌ ናት። እዚያ ለአረቄ የሚነደው እንጨት በሙነሳ ጫካ ላይ ከባድ ጫና አድርጓል። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ደግሞ ለብዙ ሰዓት ጭስ ውስጥ ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ዓይናቸው የሚያለቅስና ሳል የማይለቃቸው እናቶች ለዚህ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። እንጨት ጥሩ ጎን አለው፤ ሙቀቱ የጋኑን ሥር በሰፊው ይይዛል፣ እንጨቱን ሳብ ገፋ በማድረግም ይመጠናል። ለፎቅ ቤት ግን አይታሰብም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁ ይህን ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ጭስ ማውጫ ያለው የተሻሻለ ምድጃ እንዲጠቀሙና ሕፃን አዝለው እሳቱ አጠገብ እንዳይቀመጡ ምከሯቸው።

ለ. ከሰል። ከሰል ጭሱ ትንሽ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። የሚገድለውም ይህ መስሎ መታየቱ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። ወደ ደም ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። አረቄ ለማውጣት ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ከሰሉም ብዙ ሰዓት ይነዳል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ አይበቃም።

በረንዳ ላይስ? በረንዳው የተዘጋ ከሆነ ከክፍል አይለይም። ክፍት ቢሆንም ነፋስ አለ። በሃይፋ ይህን የማያስታውስ የለም። በታኅሣሥ 2010 በካርሜል የተነሣው እሳት 44 ሰዎችን ገድሏል፤ ፖሊስ በወቅቱ መነሻው በቸልታ የተጣለ የናርጊላ ፍም እንደሆነ ገልጾ ነበር። በኅዳር 2016 ደግሞ ደረቅ የምሥራቅ ነፋስ እሳቱን እያራገበ በከተማዋ ውስጥ ቤቶች ሲቃጠሉ ወደ 60 ሺህ የሚሆን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። አንዲት ፍም ከበረንዳ ስትወድቅ የት እንደምታርፍ ማንም አያውቅም።

ሐ. ላምባ። አሮጌ የላምባ ምድጃ ያላቸው ቤቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ላምባም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ነበልባሉ ክፍት ነው፤ ሲሞላም ይፈሳል። ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መ. ጋዝ። የባሎን ጋዝ በአንድ ነገር ይመረጣል፤ እሳቱን በቁልፍ ዝቅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ነበልባሉ ክፍት ነው። ከላይ እንዳልነው የአልኮል ትነት ወደ ታች ይወርዳል፤ ነበልባሉ ያለው ደግሞ ከዕቃው ሥር ነው። የተመረገው ክዳን ትንሽ ቢሰነጠቅ ትነቱ በዕቃው ጎን ወርዶ በቀጥታ ነበልባሉን ያገኛል። ድፍድፉ ቢገነፍል ደግሞ ነበልባሉን ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልነደደ ጋዝ ቤቱን ይሞላል። የባሎን ጋዝም ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጋዝ ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለአረቄ ግን ከኤሌክትሪክ የባሰ ምርጫ ነው።

ሠ. ኤሌክትሪክ። ነበልባል ስለሌለው ከሌሎቹ ይሻላል ቢባል እውነት ነው። ግን ሦስት ነገሮችን እወቁ።

አንደኛ፣ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃ እኩል አይደለም። ሽቦው ቀልቶ የሚታይ ምድጃ ያለ ነበልባልም ያቀጣጥላል። የአልኮል ትነት ከ365 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊያያዝ ይችላል፤ የቀላ ሽቦ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የተሸፈነ ሰሌዳ ያለው ምድጃ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ሙቀት መቆጣጠሪያው በበራና በጠፋ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዕቃው። የሸክላ ጋን በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ስለሚበረታበት ይሰነጠቃል። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ነው፤ ሸክላ፣ መዳብና አሉሚኒየም በላዩ ላይ አይሞቁም። ወፍራም ድፍድፍም በሰሌዳ ላይ ሥሩ ያርራል፤ ያረረ ድፍድፍ ደግሞ አረቄውን ያበላሸዋል።

ሦስተኛ፣ የቤቱ መስመር። በእስራኤል የተለመደው የቤት ሶኬት 230 ቮልትና 16 አምፔር ነው። ሁለቱን ስናባዛ 3,680 ዋት እናገኛለን። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃና 2,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ በአንድ ማራዘሚያ ገመድ ከተሰኩ ጣሪያው ታልፏል። ለበዓል ሰሞን ምጣድ፣ ምድጃና ፕላታ አንድ ላይ ሲሰኩ ገመዱ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ትልቅ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካ፤ በማራዘሚያ አይሁን።

ረ. በውሃ ወይም በእንፋሎት ማሞቅ። ፈቃድ ያላቸው ብዙ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ይህን ነው። እሳቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ መጥቶ ድርብ ግድግዳ ያለውን ማሰሮ በጎኑ ያሞቃል። ድፍድፉ አያርም፣ እሳትና አልኮል አይገናኙም፣ አየር ማውጫው ትነቱን ከወለሉ ስቦ ያወጣል። ከሁሉም የሚሻለው የሙቀት ምንጭ ይህ ነው። የሚሻልበትም ዋና ምክንያት እሳቱ ከአልኮሉ መራቁ ነው።

4. እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው?

ከላይ ያየነውን ስንደምረው መልሱ ግልጽ ይሆናል። ደጅ ላይ፣ ከቤት ርቆ፣ ባለሙያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሠራ የነበረው ሥራ በፎቅ ቤት ኩሽና ውስጥ ሲገባ የትኛውም እሳት አይስማማውም። ኤሌክትሪክ ከጋዝ ይሻላል፣ ጋዝ ከከሰል ይሻላል፤ ግን ከመጥፎ መካከል የሚሻለው ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ከሥራው በታች የሕፃናት መኝታ፣ ከላዩ ደረጃ መውረድ የሚያቅታቸው አሮጊት አሉ። እሳት ቢነሣ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ሕጉም አለ። በእስራኤል አረቄ አውጥቶ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጎረቤት መካከል በጠርሙስ እየተሸጠ የሚዞር አረቄ ባለቤቱን ለክስ ይዳርጋል፤ ቤቱ ቢቃጠልም ከመድን ድርጅት ጋር ክርክር ይከተላል። ሙያው አለኝ፣ ሥራዬ አድርጌ ልያዘው የሚል ወጣት ካለ ፈቃድ አውጥቶ፣ ተገቢ ቦታና ተገቢ ዕቃ ይዞ ይሥራው። እንዲህ ያለውን ሰው ልናበረታታው ይገባል።

ለበዓልና ለሠርግ የሚሆን ነገርስ? ጠላ እሳት የሚፈልገው እህሉን ለመቁላትና ቂጣውን ለመጋገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ይብላላል። ጠጅም እንዲሁ ነው። አልኮል ለማይጠጡና ለልጆች ብርዝና ቀሪቦ አሉ። አረቄ የግድ ከተፈለገ ደግሞ የታሸገና ምልክት ያለው ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ስለ መጠኑም አንድ ቃል እንጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 እንዳስታወቀው ለጤና ምንም ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን የለም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ሽማግሌዎች ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

5. «የመጀመሪያው ጠብታ ከተደፋ መርዙ ይወጣል» ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ከእሳቱ ጋር ስለሚያያዝ እዚህ እንመልሰው። ሰው የሚፈራው መርዝ ሜታኖል ይባላል። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል አነስተኛ ነው፤ ከፍራፍሬ በሚወጣው ውስጥ ይበዛል። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ስለሚፈላ በመጀመሪያው ጠብታ ተለይቶ ይወጣል ብለው ብዙዎች ያምናሉ። ነገር ግን ከውሃና ከአልኮል ጋር ስለተቀላቀለ እንዲህ ተለይቶ አይወጣም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ይመጣል። እሳቱን በመመጠንም ሆነ የመጀመሪያውን በመድፋት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም።

ሰዎችን በብዛት የገደለው ግን ከድፍድፍ የመጣ ሜታኖል ሳይሆን ሰው የጨመረው ነው። ለማጽጃና ለፋብሪካ የሚሆን አልኮል በመጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል ነው እልቂት የሚመጣው። በ2020 በኢራን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ሞተዋል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ፣ በርካሽ የሚሸጥ፣ ያልታሸገ መጠጥ አትቀበሉ። ከጠጡ ከብዙ ሰዓት በኋላ ዓይን ቢደበዝዝ፣ «በረዶ ውስጥ የማይ ይመስለኛል» የሚል ሰው ቢኖር፣ ሆድ ቢቆርጥ፣ ትንፋሽ ቢፈጥን፣ ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት። ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ። መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተደረሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር እንናገር። ሰዎች ያፍራሉ ወይም ሕግ ይፈራሉ፤ ለሐኪሙም «ምንም አልጠጣም» ይላሉ። ሐኪም ፖሊስ አይደለም። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ ምሥጢር እንዲጠብቅ ያዝዛል። ምን እንደተጠጣ፣ መቼ እንደተጠጣ በእውነት መናገር ዓይንንና ነፍስን ያተርፋል።

6. ስለ ቡና ከሰልና ስለ ማማድ

አረቄ የማያወጣ ቤት «ይህ እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። ብዙዎቻችን ቡና የምናፈላው በከሰል ነው። ያየነው ሁሉ ለቡናም ይሠራል። በተለይ በክረምት መስኮትና በር ዘግተን፣ እጣኑን አጭሰን፣ ከቡናው በኋላ ፍሙን «ቤቱን ያሙቅ» ብለን ስንተወው አደጋው ይበዛል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፤ ቡናውን ራሱን በኤሌክትሪክ አፍልታችሁ ጀበናውን ወደ ረከቦቱ ብታመጡት የቡናው ክብር አይቀንስም። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ።

ማማድ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ክፍል አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። በ2024ና በ2025 ሃይፋ ላይ ሚሳይል ሲወረወር ቤተሰቦች በማማድና በመጠለያ ብዙ ሰዓት አሳልፈዋል። በማማድ ውስጥ ከሰል፣ ሻማ፣ የጋዝ ምድጃ አይለኮስ። የአረቄ ጠርሙስና የጋዝ ባሎንም እዚያ አይቀመጥ። ለቤቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መግዛት ጥሩ ስጦታ ነው፤ ልጆች ለወላጆቻቸው ለበዓል ቢገዙላቸው ከአበባ ይሻላል።

ስለ ሰንበትም እናስታውስ። አባቶቻችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉ ነበር፤ ቤቱ ያለ እሳት ያድራል። ዛሬ ግን ፕላታው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል። ፕላታው ከመጋረጃ፣ ከፎጣና ከጠርሙስ የራቀ መሆኑን ዓርብ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ይመልከት። ሥራው የልጆች ቢሆን ይማሩበታል።

7. አደጋ ቢደርስ

— ድስት ወይም ሳህን ላይ ያለ ትንሽ እሳት ከሆነ በክዳን ክደኑት፣ ከሥሩ ያለውን ሙቀት አጥፉ፤ ዕቃውን አንሥታችሁ አትሩጡ። ውሃ አትርጩበት።
— እሳቱ ከዕቃው ከወጣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በሩን ዝጉ፣ በሊፍት አትውረዱ፣ 102 ደውሉ።
— ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። መስኮት ክፈቱ፣ ባሎኑን ዝጉ፣ ውጡ፤ ስልክ የምትደውሉት ከውጭ ሆናችሁ ነው።
— ከሰል ባለበት ክፍል ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና 101 ደውሉ።
— ለተቃጠለ ቆዳ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል። ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና አተላ አትቀቡ።
— መርዝ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በዚሁ በሃይፋ በራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ04-7771900 ሌት ተቀን ይመልሳል።

8. ለሽማግሌዎች አንድ አደራ

አረቄ ማውጣትን መተው እውቀቱን መቅበር እንዳይሆን። የጋኑ አመራረግ፣ የሸምበቆው አቀማመጥ፣ እሳቱን በጆሮ መስማት፣ ይህ ሁሉ ሙያ ነው። የልጅ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ መፍላትና ስለ ትነት በመጽሐፍ ይማራሉ፤ አያታቸው ይህን በጉልቻ ላይ ትሠራው እንደነበር ግን አያውቁም። ንገሯቸው። ባዶውን ጋን አስቀምጡና አሳዩአቸው፤ በውሃ ብቻ ሞክሩት ቢሉ እንኳ ትነት እንዴት ተመልሶ ውሃ እንደሚሆን ያያሉ። እሳትን ማክበር ከእናንተ የሚወርስ ልጅ በማራዘሚያ ገመድ ላይ ሦስት ዕቃ አይሰካም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ዛሬ ይህች ውይይት ናት።

በቤተሰብ ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

— በቤታችን ውስጥ ክፍት እሳት የምንጠቀመው የት የት ነው? ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን መተው እንችላለን?
— በበዓል ሰሞን በአንድ ጊዜ የምንሰካቸው ዕቃዎች ዋት ሲደመር ስንት ይሆናል? ከ3,680 ያልፋል?
— እሳት ቢነሣ አያቶችን ማን ያወጣል? በየት በኩል?
— 101ና 102ን በቤቱ ያሉ ሁሉ፣ ዕብራይስጥ የማይናገሩትም ጭምር፣ ያውቋቸዋል? ሲደውሉስ አድራሻቸውን በዕብራይስጥ መናገር ይችላሉ?
— አገር ቤት ለየትኛው ሥራ የትኛው እሳት ይመረጥ ነበር? ለምን? ልጆች ይጠይቁ፣ ሽማግሌዎች ይመልሱ።